አራተኛው ትከሻ

፩
አቀማመጥ

ሦስት ወንድ ብቻ ነበር። ቃሬዛ ግን አራት ትከሻ ይፈልጋል።

ስንጥቅ የምትባለው መንደር ከላይ ገደል፣ ከታች ወንዝ ይዟት በመሃል የተንጠለጠለች ጠባብ መሬት ናት። ቤቶቿ ከመራራቃቸው የተነሣ የአንዱን ጭስ ሌላው ያየዋል እንጂ አይሸተውም። በበጋ ወንዙን በእግር ተሻግሮ መውጣት ይቻላል። ክረምት ሲገባ መውጫው አንድ ነው፤ ገደሉን ታክኮ፣ ጠባብ በር በሚሉት መተላለፊያ የሚያልፈው የእግር መንገድ።

ጊዜው ነሐሴ ነው። የአንጓች ምራት፣ የውብዳር፣ ምጥ ከያዛት ውላ አድራለች። አንጓችን ያስፈራት ጩኸቷ አልነበረም። ጩኸቱ እየቀነሰ መምጣቱ ነው።

፪
የሕዝብ ብዛት

ጥቂት።

ስለ አንድ አገር የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ያልፋል። እኔ ግን ለምን እንዳነሰ ልንገራችሁ። የአንጓች ትልቁ ልጅ በግጦሽ ጠብ የአሮጊቷን የጥሩአየርን ልጅ ገድሎ ጠፋ። ሽማግሌ ቢላክም እርቅ አልወረደም። ከሁለቱም ወገን ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ ቤቱን እየዘጋ አገር ለቀቀ፤ የቀረው መሄጃ የሌለው ነው። ገዳዩ ስላልተገኘ ደሙ ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ መኳንንት ዞረ። የውብዳር ባል እሱ ነው።

የጥሩአየር ቤት ያለው ደግሞ ጠባብ በር ላይ ነው።

በሩ ላይ።

፫
መንገድ

መኳንንት ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳትን ቃሬዛ አሰረ። ጎረቤታቸው አያ ሞላና አማቻቸው መጡ። ከዚያ ወዲያ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ልጇ ተዪ እያላት አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ በዝናቡ ወደ ጥሩአየር ቤት ቀድማ ወጣች። በደም ጠብ ሴት አትነካም፤ እሷን ያስጨነቃት ከኋላዋ የሚከተለው ልጇ ነው።

፬
ንግግር

ጥሩአየር፦ ምን እግር ጣለሽ?

አንጓች፦ ምራቴ ልትሞትብኝ ነው እትዬ። ላሳልፋት።

ጥሩአየር፦ ምጥ የያዛት ሴት ይዛችሁ ማን ይከለክላችኋል? እለፉ።

አንጓች፦ ከተሸካሚዎቹ አንዱ መኳንንት ነው።

ጥሩአየር፦ ሌሎቹስ?

አንጓች፦ ሁለት ናቸው። አራተኛ አጣሁ።

አሮጊቷ ዞር አሉ። የሟቹ ወንድም ታከለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ቤት ገብቶ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ።

ቃሬዛው ደረሰ። ታከለ ጠመንጃውን በአንዱ ትከሻ አነገተና ሌላውን ለቃሬዛው ሰጠ።

፭
ከፍታ

መኳንንት ከፊት ነው፤ ታከለ ልክ ከኋላው። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ባዶ። አንጓች ከኋላ ስትከተል ምራቷን ማየት ትታ የታከለን እጅ ታይ ነበር።

መታጠፊያው ላይ ጭቃው መኳንንትን ከዳው። ቃሬዛው ወደ ገደሉ አዘመመ፤ የውብዳር ቃተተች። ታከለ በነጻ እጁ የመኳንንትን ቀበቶ ያዘ።

ያዘው።

አልገፋም፣ አልሳበም። ዝም ብሎ ይዞት ቆየ። መኳንንትም ወደ ኋላ አልዞረም። ከታች የወንዙ ድምፅ ይመጣል።

ከዚያ ሳበው። መንገዳቸውን ቀጠሉ።

፮
ጤና አገልግሎት

ገደሉ አናት ላይ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ መኪና ተገኘ። ታከለ ከዚያው ተመለሰ።

የውብዳር በጤና ጣቢያው ወለደች። ደክማለች እንጂ ተርፋለች። ሕፃኑም ጤነኛ ነው። ወንድ። አዋላጇ ስታበስራቸው መኳንንት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንጓች እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። በስንጥቅ ወንድ ልጅ ሲወለድ ለደም ማን ማን እንደሚቆጥረው ታውቃለች።

፯
መንገድ

የውብዳር መራመድ ስትችል ተመለሱ፤ ወንዙ አሁንም አልጎደለም። ጠባብ በር ላይ ታከለ መንገዱ መሃል ቆሟል።

«ያን ቀን ያሳለፈህ ሸክሙ ነው» አለው መኳንንትን። «ዛሬ ባዶ እጅህን ነህ።»

መኳንንት ቆመ። የውብዳር ተራምዳ ከፊቱ ቆመች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል።

ጥሩአየር ከቤት ወጡ። ልጃቸውን በክንዳቸው ገለል አድርገው አለፉትና አንጓች ፊት ደረሱ። የታቀፈችውን አዩ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ምን ወለደች?»

አንጓች ልጇን አየች። ታከለን አየች። ከዚያ የጥሩአየርን እጆች አየች፤ የተሰነጣጠቁ፣ ልጅ ቀብረው የተመለሱ እጆች ናቸው። ለመቀበል ይሁን ለመውሰድ አልለየላትም።

ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ መለሰች፦ «አራተኛ ትከሻ ነው እትዬ።»