ማርያም የሳመችው ከንፈር

ሰብሌ ስሕተቱን ያየችው በሣልስቱ ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አልቃሾቹ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሲዞሩበት ፎቶግራፉን በእንባ እንጂ በዓይኗ አላየችውም ነበር። አሁን የእድሩ ሰዎች አግዳሚውን ሲሰበስቡ ከምሰሶው ላይ አወረደችውና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

የባሏ የምስክር ከንፈር ንጹሕ ነበር።

ደግማ ጠረገችው።

"ምን ሆንሽ?" አለች ጎረቤቷ ጥሩነሽ፣ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች።

"ይሄ የኔ ምስክር አይደለም።"

"በስመ አብ! ኧረ እቴ፣ ራስሽን ያዢ። አንድ ልጅ አለችሽ።"

ምስክር የታችኛው ከንፈሩ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ነበረው። ከላሊበላ ጋሸና ሚኒባስ ሲነዳ ተሳፋሪው ሁሉ ያበሽቀው ነበር። "ሾፌር፣ ኩሉን ከዓይንህ አሳልፈህ ከንፈርህን ተኳልከው?" ሲሉት በመስታወቱ እያያቸው፣ "ማርያም የሳመችኝ ነው። አንተን ግን እንኳን ማርያም ሚስትህም የሳመችህ አትመስል" ይላል። መኪናው በሳቅ ይሞላል። ማታ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፍቶ እስኪገባ ድረስ ሰብሌ በር ቀርቅራ አታውቅም፤ ገደል የገባ፣ ሽፍታ የያዘው እየመሰላት ጆሮዋን መንገድ ላይ ጥላ ትጠብቃለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሞቱን ከመንገድ ጠበቀችው። ሞቱ ግን ከሆዱ መጣ።

ፎቶ ቤት ያለው ምንይችል ድንኳኑን ሲያጥፍ ጠራችው።

"ከንፈሩን ምን አደረግኸው?"

ልጁ አቀረቀረ። "እትዬ፣ እኔ በራሴ አላደረግሁትም። አጽዳው ተባልሁ።"

"ማን አለህ?"

በአገጩ ወደ ቤቱ አመለከታት። ከልጇ ሌላ እቤት ውስጥ ያሉት አማቷ አሰለች ብቻ ነበሩ።

ሰብሌ ወዲያው አልገባችም። ፎቶውን እንደያዘች የድንኳኑ ገመድ አጠገብ ቆመች። ምስክርን ለሕክምና አዲስ አበባ የወሰደችው ጊዜ ዶክተሩ ሆዱን ከመንካቱ በፊት ያየው ከንፈሩን ነበር። ቁርጠቱ በጸበል አልተወ፣ በመርፌ አልተወ፤ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ደግሞ ስምንት ወር አልፎ ነበር።

"ይሄ ነገር ከልጅነትህ ጀምሮ ነው?" አለው ዶክተሩ።

"ማርያም የሳመችኝ ነው።"

ዶክተሩ አልሳቀም። በዘር የሚመጣ፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ በሽታ መሆኑን ነገራቸው። አንጀት ውስጥ ትንንሽ ሥጋ ያበቅላል፤ በልጅነት ታይቶ ካልተነቀለና ካልተጠበቀ አንዱ ውሎ አድሮ ካንሰር ይሆናል። "ያንተ ሆኗል" አለው። ስሙን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጻፈው። ሰብሌ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረችው እንጂ ልታነበው አልቻለችም።

"ልጅ አላችሁ?"

አፏን ስትከፍት ምስክር ቀደማት። "የለንም።"

በሽታውን ወደ ቤቱ እንዳይመራው የፈለገ ይመስል ነበር። እሷም ዝም አለች። ያን ዝምታዋን ነው እስካሁን መዋጥ ያቃታት።

ስትገባ አሰለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የስምንት ዓመቷ ሔለን ጭናቸው ላይ ተኝታለች፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

"እማዬ፣ ለምን አስጸዱት?"

"ቀስ በይ፣ ሰው አለ ውጭ።"

"ማርያም የሳመችው ይጸዳል?"

አሮጊቷ የልጅቱን ጸጉር መዳበስ ጀመሩ። "አባቱ ፈንታውም ነበረበት" አሉ።

"አባቱ? ከበቅሎ ወድቀው ሞቱ አላሉኝም?"

"ከበቅሎ የወደቀ ሰው ወር ሙሉ ሆዱን ይዞ ያቃስታል? ወንድሙም እንዲሁ፣ አባታቸውም እንዲሁ። ሰዉ 'የነሱን ዘር ሆዱ ነው የሚበላው' ማለት ሲጀምር ያ ነገር ምስክር ከንፈር ላይ ወጣ። ምን ልበል? ማርያም ሳመችው አልሁ። ሰዉ አመነ። ውሎ ሲያድር እኔም አመንሁት።"

"እኔም አመንሁዎት።"

"አሁን ለቀስተኛው ፎቶውን አይቶ ዞሮ የሷን ከንፈር ያያል። ነገ ማን ያገባታል?"

"ነገ ትኖራለች ወይ አይሉም!"

ሔለን ዓይኗን ገለጠች።

"ጠዋት ዶክተሩ ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ" አለች ሰብሌ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ሰባቱ ሳይወጣ? አፈሩ ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል።"

"ቢገኝባትስ?"

"ይገኝባታል" አለች ሰብሌ። ይህን ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ ጋሸና መገንጠያው ላይ፣ ምስክር ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ሲያንቀላፋ ነበር የቆረጠችው። አይገኝባትም የሚል ተስፋ ኖሯት አይደለም የምትሄደው፤ በጊዜ እንዲነቀልላት ነው።

አሰለች ለቀስተኛው እስኪሄድ ድረስ እንደተቀመጡ ቆዩ፤ ከዚያ ተነሥተው የሔለንን ሹራብና የዝናብ ጫማ አውጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ሰብሌ ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ የደበቀችውን የኩል ብልቃጥ ከሣጥን አወጣች። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። የክብሪት እንጨት ኩሉ ውስጥ ነከረች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ነጠብጣቦቹ የቱ ጋ ነበሩ? ዐሥር ዓመት የሳመችው ከንፈር ነው፤ ጠፋባት።

"ነይ እስቲ" አለቻት ሔለንን። "ወደ መብራቱ። አፍሽን ከፈት አድርጊ።"

ከአዲስ አበባ ወዲህ ሸሽታው የኖረችውን የልጇን ከንፈር ቀርባ አየችው። በቀኝ በኩል ሦስት። መሐል ሁለት፣ የተጣበቁ። በግራ አንድ ትልቅ። ወደ ውስጥ፣ ድዷ ላይ ሳይቀር አለ፤ ይህን አላወቀችም ነበር። እያየች፣ አንድ በአንድ፣ በሟቹ ከንፈር ላይ ነጠብጣቡን አሳረፈችው። ስትጨርስ ምስክር ከጠረጴዛው ላይ አያት።

"አሁን አባዬን መሰለ" አለች ሔለን።

"አዎ።"

"እኔንም ማርያም ናት የሳመችኝ?"

ሰብሌ የልጅቱን አፍ በእጇ ቀስ ብላ ዘጋችው። "ሂጂ ተኚ። በጠዋት መኪና አለ።"

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ከታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ተሰማት። እጇን መቀርቀሪያው ላይ እንዳደረገች መኪናው እስኪያልፍ፣ ድምፁም እስኪጠፋ ጠበቀች።

ከዚያ ቀረቀረችው።