ሃያ ሦስት ያልተጠሩ ፕሮግራሞች

ረቡዕ ጠዋት የላፕቶፑ ሁኔታ ይህ ነበር፦ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ለሥራ እስኪዘጋጅ ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይፈጃል። ምንም ሳይከፈት ማራገቢያው ይጮኻል። ጢም ብሎ የተሞላው ባትሪ በአርባ አንድ ደቂቃ ያልቃል።

ማይዴሊን የምትፈልገው አንድ ሰዓት ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሳንቲያጎ ዩኒቨርሲቲ ላሉት መምህራኗ በባሕር ዳር የማንግሮቭ ዛፎች ሥር ስለሚኖሩ ሸርጣኖች ያጠናችውን የመመረቂያ ጽሑፍ በቪዲዮ ማስረዳት አለባት። የሰፈራችን መብራት ደግሞ በተራው መሠረት ከሁለት እስከ ስምንት ሰዓት ይጠፋል። ሳንቲያጎ የሚወስድ አውቶቡስ ከቆመ ሳምንት አልፎታል። ይህ ካመለጣት ቀጣዩ ዙር የዓመት ሰው ይበለን ነው።

የጠራችኝ እናቷ ኤኔይዳ ናት። በስኳር ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሠራሁ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ይመስላታል። ላፕቶፑን ከፓናማ የላከው የእህቷ ልጅ ነው። ጨዋታ፣ እኛ ጋ ዕቃ የማያደርስ ሱቅ፣ የሙከራ ጊዜው ያለፈ ጸረ ቫይረስ፣ የሠርግ አልበም መሥሪያ፤ ማንም ሳይጠራቸው የገቡትን ሃያ ሦስት ቆጠርኩ። ዘጠኙ የገቡት ማሽኑ በነፃ ልጨምር ወይ ብሎ በጠየቀ ቁጥር ኤኔይዳ እሺ ስላለች ነው።

በኛ በኩባ ትርፍ የሚባል ዕቃ የለም፤ የኤኔይዳ ግን ይብሳል። የእርጎ ኩባያ፣ የጫማ ሶል፣ የተሰበረ የማራገቢያ ክንፍ፣ ሁሉም አልጋዋ ሥር ነው። የኔም ማቀዝቀዣ የሚሠራው ከዚያ አልጋ ሥር በወጣ ሽቦ ስለሆነ አልሳቅኩም።

«ባትሪዬን እየበሉት ነው፣ እማ» አለች ማይዴሊን።

«ይብሉ። አንድ ቀን ያስፈልጉ ይሆናል።»

«አንድ ቀንሽ ነገ ነው።»

በመጨረሻ ተስማማን። ዲስኩ ላይ የተቀመጡትን የፕሮግራሞቹን መጫኛ ፋይሎች መጀመሪያ ለክፉ ቀን ፍላሽ ላይ እንድገለብጥላት፣ ከዚያ እንዳጠፋ። የከንቱ ድካም መስሎኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ። ጽሑፉንም ለብቻው ገለበጥኩ፤ ፍላሹን ኤኔይዳ ሽርጧ ኪስ ከተተችው።

አንዱን አጠፋለሁ፤ ማሽኑን ዘግቼ እከፍታለሁ፤ ሰዓቱን፣ ካሜራውን፣ ድምፁን እፈትሻለሁ፤ እጽፋለሁ። ማይዴሊን ሁሉንም ባንዴ ጠራርገህ ገላግለኝ አለችኝ። እንዲያ ካደረግን የቱ እንዳበላሸብን አናውቅም አልኳት። ጸረ ቫይረሱ ሲወጣ መነሻ ጊዜው አራት ደቂቃ ሆነ። ሱቁና ጨዋታዎቹ ሲወጡ ከሁለት ደቂቃ ወረደ፤ ማራገቢያውም ዝም ስላለ የጎረቤት ሬዲዮ የቤዝቦል ጨዋታ ሲያስተላልፍ ሰማን።

አሥራ ሰባተኛው ስሙ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበር። አጠፋሁት። ማሽኑ ሲነሳ ማይክሮፎኑ ድምፅ አይቀበልም።

«እንግዲህ ሸርጣኖቹ ራሳቸው ይናገሩልኝ» አለች ማይዴሊን። ከንፈሯ ግን ነጥቷል።

ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መልሼ የምጭንበት ፋይል ግን ዲስኩ ላይ የለም፤ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ኤኔይዳ ፍላሹን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸው፣ የከንቱ ድካምህ።»

ፊቴ ላይ አንብባው ኖሯል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ማይክሮፎኑ ተመለሰ። ያን አንዱን ትቼ ሃያ ሁለቱን አስወጣሁ።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ መብራት ሄደ። አራት ሰዓት ላይ ማይዴሊን በስልኳ መስመር ተገናኝታ በሯን ዘጋች። እኔና ኤኔይዳ ወጥ ቤት ተቀምጠን ድምፁን ብቻ እንሰማ ነበር፦ ንግግር፣ ጥያቄ፣ ሳቅ፣ ጸጥታ። በሩ ሲከፈት ልጅቱ መሬት ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። «አለፍኩ» አለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቅላት ጀመር፣ እንደ ሕፃን።

ላፕቶፑን ከመዝጋቴ በፊት አየሁት። ሃምሳ ሰባት ደቂቃ ሠርቶ ባትሪው ሠላሳ አንድ በመቶ ቀርቶታል።