የሜትር ወንበር

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር ልጂቱ አባቷ ሲዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው፤ እሱም በእሷ ምክንያት።

አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ሥራ ሰጥቷታል። ሰኞ እንድትጀምር፣ ግን ኢንሹራንስ ያለው መኪና ይዛ እንድትመጣ ነግሯታል። መኪናስ የአባቷ አሮጌ መኪና አለ። ችግሩ ዕድሜዋ ሃያ አንድ፣ መንጃ ፈቃዷም የአራት ወር መሆኑ ነው። እንደሷ ላለ ወጣት የሚጠየቀው ክፍያ የሌላውን ሰው እጥፍ ነበር።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ቁመቱ የበር ጉበን ስለሚነካ ሰፈሩ «ሜትር» ይለዋል፤ ከአንገቱ የማይወርደው የልብስ መለኪያም ስሙን አጽንቶለታል። ዋጋውን የሰማ ቀን መቀሱን አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት።

«ዕድሜሽ ሱሪ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ጠርዙን ፈትቼ አስረዝምልሽ ነበር» አላት። ከዚያ ዘዴ አፈለቀ። «የምነዳው እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺ አልፎ አልፎ ብቻ።»

«አባዬ፣ አንተ መሪ ከጨበጥክ እኮ ስንት ጊዜህ።»

«ዝም በይ። ማን አየኝ?»

የኢንሹራንስ ቢሮዋ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁሉንም በጥሞና ሰማችው። ሲጨርስ ተነሣች። «ደንብ ነው፣ መኪናውን ልየው። ጋሼ፣ እስቲ ገብተው ያስነሡልኝ።»

ሜትር በሩን ሲከፍት ቀጥ አለ። የሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። በላዩም ልጂቱን ከፍ እንዲያደርጋት እሱ ራሱ የሰፋላት ትራስ ተቀምጧል። የሰው ልክ ሲለካ የኖረ ሰው ይችን አልለካትም። ምርጫ ስላልነበረው ተጣጥፎ ገባ። ጉልበቱ መሪውን አቀፈ፣ ራሱ ጣሪያውን ገፋ።

«ይመችዎታል?» አለች ሴትዮዋ።

«እንደ እናቴ ቤት።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚነዱት?»

«ጠበብ ያለ ነገር እወዳለሁ። አሁን የመጣው ፋሽን እሱ ነው።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «የእርስዎ ግን ገና ከደጅ ሳይወጣ አለቀ።»

ልጂቱ ሥራው ከእጇ ሲያመልጥ ታያት። «የምነዳው እኔ ነኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። እሱ ለእኔ ብሎ ነው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አወረደች። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ አባቷ የቆየ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኗ ከተቀመጠ ክፍያው በሲሶ እንደሚቀንስ ነገረቻቸው። «ብቻዋን ሆና ከተጋጨች ግን አንከፍልም።»

«ዓመቱን ሙሉ?» አለ ሜትር።

«ዓመቱን ሙሉ።»

«በመጀመሪያ ከዚህ አውጡኝ፣ ከዚያ እስማማለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ዘግቶ፣ ሥራውን በዘንቢል ይዞ መጣ። የጎኑን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ተዘረጋበት። እሷ መድኃኒት ከክሊኒክ ክሊኒክ ስታደርስ እሱ ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ያጥፋል። ፍሬን በያዘች ቁጥር መርፌውን ወደ ላይ ያነሣል።

«ቀስ። የዳኛው ሱሪ ነው። መርፌ ብረሳበት የሰው ፍርድ ይከፋል።»

«አንተ ደግሞ መንገዱን እይ፤ የተቀጠርከው ለዚያ ነው።»

«ደመወዜን ማን ሰጠኝና?»

ዓመቱ አለቀ። እሷ በማግስቱ ጠዋት ብቻዋን ልትወጣ ቁልፉን አንሥታ ወረደች፤ እሱን ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው።

«አባዬ፣ ጨርሰሃል እኮ። ነፃ ነህ።»

«ያልጨረስኩት ኮት አለ» አለ ቀና ሳይል።

ልጂቱ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት ክፍያዋ እንደማንኛውም ሰው ሆነ። አባቷ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር። ኋላ መኪናውን ከእሷ የገዛው ሰው የጎኑን ወንበር ወደ ፊት መሳብ አቃተው፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ወደ ኋላ እንደተገፋ ዝጎ ነበር።