የወይዘሮ የሺሃረግ ወፍጮ ዘንግ

«ብረቱ ወፍራም ከሆነ አስቀድመህ አሙቀው። ቀዝቃዛ ላይ የወደቀ የብየዳ ጠብታ ወዲያው ይደርቃል፤ የያዘ ይመስልሃል እንጂ አልያዘም።»

ይህን ያሉት የመገናኛው በያጅ አቶ ፈዬራ ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በፊት። የተናገሩት ለገመዳ አልነበረም። እሱ ከቆርቆሮ አጥራቸው ውጭ ቆሞ ሰማ። ያነጋገሩት ሰው አንድ ነገር መለሰላቸውና ሁለቱም ሳቁ፤ መልሱ ምን እንደነበር ግን ገመዳ ዛሬም አያስታውሰውም። ሙያውን እንዲሁ በጆሮው ለቃቅሞ ተማረ፤ ለማንም አላካፈለም።

«ጋሽ ገመዳ፣ ዓይንዎን!» አለ ወጣቱ ዲንሳ።

ሰማያዊው ብርሃን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለችውን ጠባብ ብየዳ ቤታቸውን ሞላት። ዲንሳ የብየዳ ዲፕሎማውን ይዞ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ እሱን መጠየቅ ጀምሯል። አሁን የሚሠራው ከእንጦጦ የመጣ የወፍጮ ዘንግ ነው። አንገቱ ተበልቶ ቀጥኗል፤ የቀለጠ ብረት ጠብታ በጠብታ፣ ድርብ በድርብ እየደረቡ ማወፈር ያስፈልጋል። ዘንጉ ሌሊቱን ደጅ አድሮ ጤዛ ጠጥቷል።

የዲንሳ እጅ ያምራል። የብየዳ መስመሮቹ እንደ ዶቃ ይደረደራሉ። ዘንጉ እንዳይጎብጥ አንዴ ከዚህ ወገን፣ አንዴ ከትይዩው ይበይዳል። ይህን ገመዳ አያውቅም ነበር። የመስኮት ፍርግርጉን እየሞረደ በዓይኑ ጠርዝ አየና ቀናበት።

ዲንሳ በመዶሻ ቢመታው የደረበው ሁሉ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሳ።

«ደግሞ ተላጠ? ሁለተኛህ እኮ ነው!» አሉ በጀሪካን ላይ የተቀመጡት የወፍጮዋ ባለቤት፣ ወይዘሮ የሺሃረግ። «መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ ፈረቃችን አይደለም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ቁልቁል ሊወርድ ነው። ዲፕሎማህ ወፍጮ አያውቅም እንዴ?»

ገመዳ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ አፈረ። በልቡ «ጌታ ሆይ» አለ፤ የሚያስከትለው ቃል ግን ጠፋው።

ዲንሳ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ገመዳ፣ ምክንያቱን ያውቁታል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያልተማርኩ ሰው!»

«መላጡ አላስገረመዎትም፤ ሳቁ እንጂ።»

ገመዳ ሞረዱን አስቀመጠ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። «ዘንጉ በርዶታል» አለ በመጨረሻ። «እጅ እስኪያቃጥል ካልሞቀ ጠብታው አይዋሃደውም።»

ከሰሉን ራሱ አቀጣጥሎ ዘንጉን እላዩ አጋደመ። ዘንጉ ሲሞቅ ምራቁን እንትፍ አለበት፤ ችስ አለ። ወይዘሮ የሺሃረግ ብድግ አሉ።

«እንግዲያው አንተው ጨርሰው፣ ገመዳ! አሥር ዓመት ወፍጮዬን የጠገንከው አንተ አይደለህ?»

ሦስት ወር ሙሉ የጠበቃት ቃል ይህች ነበረች። የብየዳውን መያዣ አነሳ፤ ግን ዲንሳ ዘንጉ እንዳይጎብጥ ወገን እየቀያየረ ሲበይድ ያየው ትዝ አለው።

«አምና የሠራሁት ምን ሆነብዎት፣ እትዬ?»

ሴትዮዋ ወደ መሬት አዩ። «እውነቱን ልንገርህ? ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎብጧል አሉኝ። ፊትህን አይቼ መናገር አቃተኝ።»

ገመዳ የዘንጉን አንገት ተመለከተ። ከዚያ መያዣውን ለዲንሳ ዘረጋለት።

«አንተ በይድ። እሳቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

«ዘንጉንስ?» አለ ዲንሳ ቀስ ብሎ። «‹ያዙሩ› ስልዎት ያዞሩልኛል?»

ለታናሹ ረዳት መሆን! 

«አዞራለሁ» አለ ገመዳ።