ከሰዓዳ በር ትይዩ

የስፌት መኪናዋ ቺንጊያ እንደገና ሲበጠስ ትርንጎ እግሯን ከመርገጫው አንስታ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የሰዓዳ ቤት አየች። በሩ ላይ የተሰፉ ቀሚሶች ተደርድረው ተሰቅለዋል። የትርንጎ ግድግዳ ግን ባዶ ነው። የሰፋችው ሁሉ ተለብሶ ኮልፌን ይዞራል፤ ዋጋው የደንበኞቿን ደሞዝ ይጠብቃል፤ መርካቶ ደግሞ ቺንጊያ በዱቤ አይሸጥም።

ሰዓዳን መቀስ አያያዝ ያስተማረቻት እሷ ነበረች። ያንን የቀሚስ ድርድር ባየች ቁጥር ትቀናለች።

የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ የሺእመቤት ከሰዓዳ ቤት ወጥታ ወደ እሷ ተሻገረች።

"ትርንጎዬ፣ የማኅበሩ የሰልፍ ልብሴ አለቀ?"

"አልቋል። እዚያ ማዶ ምን ልትሠሪ ገባሽ?"

"የእንቁጣጣሽ ቀሚስ አዘዝኳት። ግማሹን ካልሰጠሽኝ ጨርቅሽን አልቆርጥም አትለኝም? ሰጠኋት፣ ምን ላድርግ!" ሳቀች። "ብር ሳትጨብጥ መቀስ የማታነሳ ጉደኛ!"

ትርንጎ አልሳቀችም። የሺእመቤት የለበሰችው ቀሚስ ለፋሲካ የሰፋችላት ነው፤ እስካሁን አልተከፈለበትም።

"ለእሷ ቀብድ፣ ለኔ ደሞዝ ሲወጣ?"

"አንቺማ ቤተሰብ ነሽ!"

ትርንጎ የሰልፉን ልብስ አጣጥፋ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳበች። ዓይኗ ግን ከማዶው በር አልተነሳም።

"ያ ሁሉ የተሰቀለው የማን ነው? ሥራው ሞልቶላታል መሰለኝ።"

"የቱ ሥራ? ቀሪውን ያልከፈሉ ሰዎች ልብስ ነው እንጂ። የእህቴም እዚያ አለ፤ ለሠርግ አሰፍታው ሠርጉ አለፈ። አለቀሰች፣ ለመነቻት፣ ወይ ፍንክች!"

ትርንጎ ጋዜጣውን ለቀቀችው። ያን ያህል ጊዜ ስትቀና የኖረችው ባልተከፈለበት ልብስ ነበር።

"የዛሬውንም የፋሲካውንም ስትከፍዪ ትወስጂዋለሽ" አለች።

የሺእመቤት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ቀጥሎ ፊቷ ተለወጠ።

"ሰልፉ ደርሷል እኮ! የቀበሌው ሊቀመንበር ልብስሽ የታለ ሲለኝ ምን ልበል?"

ትርንጎ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበች። የሊቀመንበሩን ቁጣ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

"ትርንጎ ጋ ነው በዪው።"

የሺእመቤት በሩን አላትማ ወጣች። ትርንጎ ከመሳቢያው ምስማር አወጣች፤ በመቀሱ እጀታ የጭቃው ግድግዳ ላይ መታችው። ልብሱን ሰቀለች። ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው፤ ከሰዓዳ በር አይታይም።

ምስማሩን ነቅላ ወደ ደጁ አስጠግታ መታችው።