ሁለተኛው ግማሽ

ድንኳኑ ውስጥ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች በምንም አይመሳሰሉም። የሟች እህት ወይዘሮ ፀሐይቱ ድምፃቸው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ይሰማል፤ ሳሪስ አሮጌ መጻሕፍት የሚያከራየው ሀይረዲን ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲናገር እንኳ ጆሮ ያስቀስራል።

«የወንድሜን ዓይን ያጠፋው ያንተ መጽሐፍ ነው!»

«ብየዳው ነው እንጂ፣ እትዬ።»

ሶሊያና ፍራሹ ላይ ሆና ሰማቻቸው። ሟቹ አባቷ ወልደገብርኤል ሠላሳ ዓመት በብረታ ብረት ፋብሪካ የበየዱ ሰው ነበሩ። ወንድሟ አቢ ከዘመተ ወዲህ፣ ከሩቅ ፕላኔቶች ታሪክ በቀር ሌላ አላስነበቧትም። እሱንም መርጠው ነው።

«ሄደው አዲስ አገር ይዩ፤ አንድ ነገር ይበላሽባቸው፤ ቁጭ ብለው ይጠግኑት» ይሉት ነበር ሀይረዲንን። «ካቻቢቴ የያዘ ሰው ይበቃኛል። ጠመንጃ የያዘውን ለሌላ አከራይ።»

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከየት ይምጣ? ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ተገኘ፤ አራት ተመራማሪዎችና አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ። ሀይረዲን ወፍራም መጽሐፍ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ደንበኛ የማከራየት ልማድ ነበረውና፣ ሁለተኛው ግማሽ ጠፋ አላቸው። ወልደገብርኤል ሁለት ዓመት ሙሉ ፓምፑን በሐሳባቸው ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖሩ። የአቢ የጦር ጓደኛ መጥቶ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» ባለ ጊዜ እንኳ፣ «በዚህ ቤት መርዶ አይነገርም» ብለው ከደጅ መለሱት። ከዚያም ሶሊያናን ጠርተው የፓምፑን ገጽ እንደገና አስነበቧት።

ዛሬ ሠልስት ነው። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ሲጀምሩ፣ ሀይረዲን ከኮቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«ሶልዬ፣ አልጠፋም ነበር። ደብቄው ነው።»

«ለምን፣ ጋሼ?»

«ጦርነት አለበት። እዚያው ፓምፑን ፈተውት ሳለ ሌላ መርከብ ይመጣባቸዋል።»

«ፓምፑስ?»

«ማን ይጠግነዋል? ሁሉም አለቁ።»

ሶሊያና ከትራሱ ሥር የመጀመሪያውን ግማሽ አውጥታ ከሁለተኛው ጋር አጋጠመችው። የተቀደደው ጠርዝ ልክክ አለ። አንዲትም ገጽ አልገለጠችም። መጽሐፉን በአባቷ ፎቶግራፍ አጠገብ፣ የአቢ ፎቶግራፍ ሊቆም በሚገባው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችና ወደ አክስቷ ወደ ወይዘሮ ፀሐይቱ ዞረች።

«እቴቴ፣ ገመዱን ይተዉት በዪልኝ። ድንኳኑ አይፈርስም። አቢ ሞቷል፤ ዛሬ ለእሱም ለቅሶ እንቀመጣለን።»