ካባው ሬዲዮ ላይ የተናገረ ዕለት

ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን «ካባው» ነው የሚለው። አንገታቸው ላይ ካባ አስረው በሰማይ የሚበሩ ጀግኖች ያሉበት ፊልም መጣ ከተባለ ምሳውን ትቶ ስለሚሮጥ ጎረቤቶቻችን ያወጡለት ስም ነው። የኮሚክ መጽሐፎቹ የሳሎናችንን ግድግዳ ግማሽ ይዘዋል። ሌላውን ግማሽ የኔ ልቦለዶች ይዘውታል። ቴሌቪዥኑ እንደ ሽማግሌ መሃል ተቀምጦ ይገላግለናል።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒ ወዲያ ማዶ የቆመ ሰው ስለ ሕመሙ ሲነግረኝ ይውላል፤ ሌላውን ነገሩን ይዞት ይሄዳል። ልቦለድ የምወደው ያንን ሌላውን ስለሚነግረኝ ነው።

«ያንተዎቹ ግን ተቧቅሰው፣ ሕንፃ አፍርሰው ይሄዳሉ» እለዋለሁ። «ፍርስራሹን ማን እንደሚያነሳው እንኳ አይጠይቁም።»

እሱም አይለቀኝም። «ያንቺዎቹስ? አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ እስክትዘጋ ምዕራፉ ያልቃል!»

የአክስቴ ልጅ የሬዲዮ አዘጋጅ ናት። አንድ ቀን ምሳ ጋብዘናት ንትርካችንን ስትሰማ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ «ይሄን የመሰለ ጭቅጭቅ ቤት ውስጥ ታባክኑታላችሁ?» አለች። ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት እየሄድን ስላየነው ፊልምና ስላነበብነው መጽሐፍ ማይክ ፊት እንከራከር ጀመር። ሕጋችን አንድ ነው፤ ስቱዲዮ እስክንገባ የሐሳባችንን አንነጋገርም። ሰው ወደደን። የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ሳይቀር፣ «የዛሬውን እንኳ አበዛሽው፤ ልክ ካባው ነበር» ብሎኝ ይሄዳል።

የፕሮግራሙ ስፖንሰር ትልቁ ሲኒማ ቤት ነበር። ታዲያ ባለሲኒማው ብዙ የተወራለት የሱፐር ሂሮ ፊልም አመጣና ቅዳሜ ከሰዓት ጋበዘን። ራሱ ተቀብሎ ከጥሩው ቦታ አስቀመጠን። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ወደ ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎ መቼም የኛ ሰው ነዎት፤ ነገ ጥሩ አድርገው እንደሚያወሩልኝ አልጠራጠርም» አለው። ወደኔም ዞሮ ሳቀ። «እርስዎ እንደ ልማድዎ ያጥላሉት፤ ችግር የለም። ጭቅጭቁ ራሱ ሰው ይጠራልኛል።»

ከፊልሙ ስንወጣ ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከትቶ ቀድሞኝ ሄደ። ወትሮ ሐሳቡን ባይነግረኝም ድብድቡን እጁን እያወናጨፈ ሲያሳየኝ መንገደኛ ሊመታ ይደርስ ነበር። እኔም የራሴ ጉድ ነበረብኝ።

በማግሥቱ ስቱዲዮ ገባን። የአክስቴ ልጅ ገና ከመጀመሯ እየሳቀች፣ «እሺ ጋሼ፣ ደስታው አስተኛህ ወይ?» አለችው።

«አልወደድኩትም» አለ ባለቤቴ።

ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው ቴክኒሺያን ቀና አለ። የአክስቴ ልጅ ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ኮሚክ የወደድኩት ልጅ ሆኜ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የወደድኩት ጀግናው ስለሚፈራ ነው። ይፈራል፤ ግን ይገባል። እኔ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በወረድኩ ቁጥር እፈራለሁ። ሰው ሊፍት ውስጥ ተይዞ ድረሱልኝ ሲል ግን እየፈራሁ እወርዳለሁ። ይሄን ከነዚያ መጽሐፎች ነው ያገኘሁት። የትናንቱ ሰውዬ እሳት አይነካው፣ ጥይት አይነካው፣ ሲደበድቡት ይቀልዳል። የማይፈራ ሰው ጀግንነቱ ምኑ ላይ ነው? እኔ እነዚህን ፊልሞች ከልቤ እወዳለሁ። ስለምወዳቸውም ነው የማይረባውን ጥሩ ነው የማልለው።»

በኩራት ደረቴ ሞላ። እጁን ልይዘው አማረኝ፤ ግን ተራዬ ደርሷል።

«እንግዲህ ዛሬ ተስማማችሁ ማለት ነው» አለች የአክስቴ ልጅ፣ በጭንቀት እያየችኝ።

«አልተስማማንም። እኔ አልቅሻለሁ።»

ባለቤቴ ወንበሩን አዞረ። «ምን አደረግሽ?»

«የጀግናው እናት! ልጇ ከሰማይ ሲወድቅ በቴሌቪዥን እያየች ድምፁን ቀነሰችውና ስልክ ደወለችለት። አያነሳም። ደግማ ደወለች። አንድ ቃል አልተናገረችም እኮ። እኔ የምወዳቸው ጸሐፊዎች ለዚያች ስልክ ብዙ ገጽ ይፈልጉ ነበር። ፊቷ ብቻ በቃኝ።»

«እሷ የታየችው ለአንድ አፍታ ነው!»

«ለኔ በቂ ነው።»

«የቀረው ፊልምስ?»

«እሱን ተኝቼበታለሁ።»

ቴክኒሺያኑ ሳቁን አፍኖ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ፕሮግራሙ አልቆ ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። ባለሲኒማው ነው። ጩኸቱ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «እሷን ስጠብቅ እሱ ጉድ ይሥራኝ?» ይላል። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበላት።

«ጌታዬ፣ ተቀይመውኛል፤ ይገባኛል» አለ። «ግን ሁሉን ጥሩ ነው ካልኩ፣ እውነት ጥሩ ፊልም ሲያመጡ ማን ያምነኛል?»

ስልኩን መለሰላትና፣ «ከሊፍት ጉድጓድ ይብሳል» አለኝ።

ባለሲኒማው ስፖንሰርነቱን አቋረጠ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ስፖንሰር ፍለጋ እግሯ ቀጠነ፤ እኛ ግን እሑድ ጠዋት መሄዳችንን አልተውንም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሰውዬው ራሱ መድኃኒት ቤት መጣ፤ ለደም ግፊቱ መድኃኒት ሊወስድ። ሲያየኝ ትንሽ አመነታ።

«ሰዉ እየመጣ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ግማሹ ባልዎ ልክ መሆኑን ሊያይ፣ ግማሹ እናትየዋን ሊያይ። እሷ ከታየች በኋላ ተነስተው የሚወጡም አሉ።»

«ገንዘብ ይመልሱልን አላሉም?»

«እሱንስ አላሉም» አለና ሳቀ። «ስፖንሰርነቱንም እቀጥላለሁ፤ ለአክስትዎ ልጅ ይንገሯት። ያ ሰውዬ ግን ደረቅ ነው።»

ከኋላው ተራ የያዘች ሴትዮ ሰምታ፣ «ስለ ማን ነው የምታወሩት? ስለ ካባው ነው? ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ባሌ ነው» አልኳት፤ ድምፄ ለመድኃኒት ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።